የተስፋሚካኤል አሥራ አራት ሚሊሜትር

ባሌ ተስፋሚካኤል ዳቦ ሲቆርስ ያየ ሰው ቤታችን ውስጥ መድኃኒት የሚቀመም ይመስለዋል። ቢላውን ይይዝና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያነጣጥራል። ትንሽ ወደ ግራ ገፋ ያደርጋል፣ ደግሞ ያነጣጥራል። እሱ እስኪቆርስ ሻዩ ይቀዘቅዛል። "አንተ ሰው፣ ዳቦ እኮ ነው!" ስለው፣ "ዳቦም ቢሆን እኩል መሆን አለበት" ይለኛል። እኩል ከቆረሰው በኋላ ሁለቱን ቁራሽ የሚያነሳው ግን እሱ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት እዚሁ አቃቂ በአንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ቶርኖ ላይ ቆሞ ብረት ሲቀርጽ ኖረ። ጡረታ ሲወጣ ፋብሪካው አንድ ብርድ ልብስና አንድ የምስጋና ወረቀት ሰጠው። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ተንጋደደ እያለ ለሁለት ሳምንት ሲያቃናው ከረመ። ሚሊሜትር የሚለካበት ካሊፐሩ ግን የራሱ ነው፤ በወጣትነቱ ከደመወዙ ቆጥቦ የገዛው። ሌላው ወንድ ደረት ኪሱ ውስጥ እስክሪብቶ ይይዛል፣ የኔው ካሊፐር። የሰፈሩ ሰው "ጋሽ ሚሊ" ነው የሚለው፤ እሱ ደግሞ ሹመት ይመስለዋል።

ከቤታችን ፊት ለፊት ሱፍያን የሚባል የስልጤ ልጅ ሱቅ አለው። ጨዋ ልጅ ነው። አንድ ጊዜ አዲስ የብረት በር አስገጠመ። ማንም ሳይጠራው ይሄ ሰውዬ ተሻግሮ ሄዶ ለካና "ወደ ቀኝ አራት ሚሊሜትር ዘሟል" ብሎት ተመለሰ። ሱፍያን ለሁለት ወር በሩን በከፈተ ቁጥር ቆሞ ያየው ነበር። በኋላ አላስችል ሲለው በያጁን ጠርቶ አስነቀለው። "እትዬ መሰለች፣ ጋሽ ሚሊ ባይነግሩኝ ኖሮ በሰላም እኖር ነበር" ይለኛል እስከ ዛሬ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አባቴ የአቃቂ ባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበር፤ ተወልጄም ተድሬም እዚሁ ነኝ። የፊተኛዋ ክፍል ውስጥ መኪናዬን ዘርግቼ ሃያ ስምንት ዓመት ቀሚስ ሰፍቻለሁ። እንግዲህ የሁለታችንም ሥራ መለካት ነው፣ የተጣላነውም ሁሌ በዚሁ ነው። የአንዷን ሴት ወገብ ለክቼ "ሁለት ጣት ልጨምርልሽ" ስል እሱ ከወንበሩ ላይ ይተነፍሳል።

"ሁለት ጣት? የማን ጣት?"

"የኔ ጣት!"

"ስንት ሚሊ ነው?"

"ይቺ ሴትዮ ምሳ አትበላም? አትቀመጥም? ሰው እኮ ነው የምለካው፣ ብረት አይደለም!"

እሱ ራሱን እየነቀነቀ ጋዜጣውን ይገልጣል። ሠላሳ ስምንት ዓመት በትዳር ስንኖር በዚህ ነገር አንድ ቀን ተስማምተን አናውቅም።

ታዲያ ይሄ ሚሊሜትር የማያመልጠው ሰው የራሱ ሕመም አመለጠው። ሽንት ቤት መመላለስ ሲያበዛ ዓመት ሙሉ "ብርድ ነው" እያለ ደበቀኝ። በመጨረሻ ገላን ኮንዶሚኒየም የምትኖረው ልጃችን ልዕልት እጁን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ፕሮስቴት ካንሰር ነው አሉን። ደግነቱ አልተሰራጨም፣ በጨረር ሕክምና ሊድን ይችላል ተባለ። ግን ወረፋ አለ። መሣሪያው ጥቂት ነው፣ በሽተኛው ብዙ ነው፣ ስልክ ደውለን እስክንጠራችሁ ጠብቁ አሉን።

ሰባት ወር ጠበቅን። ሰባት ወር! ስልኩ በጠራ ቁጥር ሁለታችንም እንዘል ነበር፤ ብዙውን ጊዜ የምትደውለው ቀሚሷ ደርሶ እንደሆነ የምትጠይቅ ደንበኛዬ ናት። እስከዚያው በሽታውን እንዲያቆይለት መርፌ ይወጋ ነበር። መርፌው ወበቅ ወበቅ ያደርገዋል። ድንገት ፊቱ ይቀላል፣ ሸሚዙን ይከፍታል፣ "መስኮት ክፈቺ!" ይላል። እኔ ይሄን ነገር ከአሥር ዓመት በፊት፣ የወር አበባዬ ሲቆም ነው ያየሁት፣ ያን ጊዜ "ምን ሆነሻል፣ ዝም ብለሽ ነው" ይለኝ ነበር። "አወቅከው?" አልኩት። ተነሥቶ መስኮቱን ራሱ ከፈተ። ታሞም ቢሆን ሳልስቅበት አላለፍኩም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

በስምንተኛው ወር ጠሩን። መጀመሪያ የምልክት ቀን ነው። ፌኔት የምትባል ወጣት ባለሙያ ተቀበለችን፣ ረጋ ያለች፣ ስታወራ ዓይን የምታይ ልጅ። ፎቶ አነሳችውና ቆዳው ላይ በቀለም ሦስት መስቀሎች አደረገችለት። አንዱ ከእምብርቱ በታች፣ ሁለቱ በግራና በቀኝ ዳሌው ላይ። በላያቸው ስስ ፕላስተር ለጠፈችባቸው። በየቀኑ ሲመጣ ከግድግዳውና ከጣሪያው ቀጫጭን ቀይ ብርሃን ይበራል። ብርሃኑ መስቀሎቹ ላይ እስኪያርፍ አልጋውን ያንቀሳቅሱታል። ያኔ ጨረሩ ውስጥ ያለውን በሽታ ያገኘዋል ማለት ነው።

"ጋሼ፣ መስቀሎቹ መንገዳችን ናቸው። ሳሙና አያስነኩ፣ አያሹዋቸው። ከደበዘዙ ለኛ ይንገሩን፣ እኛ እናድሳቸዋለን" አለችው።

እሱ ግን ልቡ ቀዩ ብርሃን ላይ ነው። በሕይወቱ እንደዚያ የቀጠነ መስመር አይቶ አያውቅም። "ልጄ፣ ስንት ሚሊሜትር ትስታላችሁ?" ብሎ ጠየቃት።

"ዙሪያውን ከአምስት እስከ ሰባት ሚሊሜትር ትርፍ እንይዛለን ጋሼ።"

"ሰባት ሚሊሜትር!" ሰውዬው ቱግ አለ። "እኛ ቶርኖ ላይ እኮ ሰባት ሚሊሜትር የሳተ ሰው ወደ ቤቱ ነው የሚሄደው!"

ፌኔት ሳቀች። "ጋሼ፣ እርስዎ ብረቱን በማሽኑ መንጋጋ ጠፍረው ነው የሚሠሩት። እኔ እርስዎን አልጠፍርም። ይተነፍሳሉ። ፊኛዎ ይሞላል፣ ይጎድላል። አንጀትዎ ውስጥ አየር ይገባል። በዚያ ሁሉ መሐል በሽታው ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ትርፉ ለዚያ ነው።"

እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ በደስታ ልሞት። እሰይ የኔ ልጅ! ሁለት ጣቴን አገኘችልኝ! እስከ ቤት ድረስ በባቡር እየሄድን "ሰማህ አይደል? ሰው ብረት አይደለም" እያልኩ አሰለቸሁት። እሱም ቤት እንደገባን አልጋ ላይ ጋደም ብሎ ማስመሪያውን አስያዘኝና ከእምብርቱ እስከ እያንዳንዱ መስቀል ያለውን አስለካኝ። ቁጥሩን ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጻፈ። "ለምንህ ነው?" ስለው፣ "የሚሠራብኝን ሥራ ማወቅ አለብኝ" አለ።

ሕክምናው ሠላሳ አምስት ቀን ነው፣ ቅዳሜና እሑድ ሳይቆጠር። ሌላ ጣጣም አለው። ፊኛው እንዲሞላ ከአንድ ሰዓት በፊት ግማሽ ሊትር ውሃ መጠጣት አለበት፣ ከዚያ መሽናት የለም። ተስፋሚካኤል ይሄን የመሰለ ሥራ አግኝቶ መች ዝም ይላል። የውሃ ላስቲኩ ላይ መስመር አሰመረ፤ ቃሊቲ ላይ ባቡር ስንሳፈር እስከዚህ፣ ሳሪስ ስንደርስ እስከዚህ። ባቡሩ በሰዓቱ ሲሄድ እንደ አለቃ ይኮፈሳል። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ባቡሩ ሐዲዱ ላይ ቆመ። መጀመሪያ ሰዓቱን አየ። ቀጥሎ እግሩን አጣመረ። ከዚያ እጄን ጨምቆ ያዘኝ። "ስንት ሚሊ ሊትር ቀረህ?" አልኩት። የመለሰልኝን እዚህ አልደግመውም።

እንዲህ እንዲህ እያልን አሥራ ስምንት ቀን አለፈ። አሥራ ሰባት ቀረን። እዚህ ላይ ነው እኔ ነገር ያበላሸሁት።

እሑድ ነው። ከቤተክርስቲያን ጠበልና እምነት ይዤ መጣሁ። ጨረሩን ንቄ አይደለም፣ በጭራሽ። ግን ፌኔትም ትሥራ፣ ፈጣሪም ይሥራ፣ ምን ይጣላሉ ብዬ ነው። እምነቱን በጠበል በጠበጥኩና "ተኛ" አልኩት። ተኛ። አታጥቡት ነው ያሉን። ይሄ ደግሞ ማጠብ አይደለም፣ እምነት ነው፣ አይደለም እንዴ? እንዲያ ነው ያሰብኩት። በሽታው ያለው እዚያው ስለሆነ እዚያው ነው ያሸሁት። ሆዱን አሸሁት፣ ዳሌውን በግራም በቀኝም አሸሁት። "በስመ አብ" እያልኩ፣ እያለቀስኩ፣ ከልቤ ነው ያሸሁት። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ተኛልኝ። ፕላስተሮቹ ሲነሱ እንኳ ልብ አላልኩም።

በፎጣ ጠራርጌው ሲነሳ ወደ ታች አየ።

"መሰሉ... መስቀሎቹስ?"

ወይ ጉዴ! የሆዱ ቆዳ ሕፃን እንደተወለደበት ቀን ንጹሕ ነው። ቀለሙ ፎጣው ላይ ነው ያለው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አሁን ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢጮህብኝ ይሻል ነበር። ፎጣውን አየና "አይዞሽ" አለኝ።

ለፌኔት ነግረን ታድስልን ልለው ነበር። እሱ ግን የኮሪደሩን ወሬ አነሳ። እዚያ ወረፋ ስንጠብቅ አንድ ታካሚ "ምልክቱ የጠፋበት ሰው ፎቶውን እንደ አዲስ ይነሳል፣ ወረፋው ይቃጠልበታል፣ ከኋላ ይሰለፋል" ብሎ አውርቶልን ነበር። ማን እንደነገረው አልጠየቅነውም። ሰልፍ ላይ የተወራ ነገር ለኛ ሰው ማኅተም ያለው ደብዳቤ ነው። "ሰባት ወር ነው የጠበቅነው። ሌላ ሰባት ወር ቢሉኝስ? ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ" አለኝ።

ደብተሩን አወጣ። ካሊፐሩን አወጣ። ማስመሪያውን፣ ማዕዘን መለኪያውን አወጣ። እኔ የማይለቅ ማርከር ልገዛ ሱፍያን ጋ ተሻገርኩ። "ለምንዎ ነው እትዬ?" ሲለኝ "ካርቶን ላይ ልንጽፍበት ነው" አልኩት፣ በእሑድ ቀን ዓይኔን በጨው አጥቤ። ስመለስ ሰውዬው ሸሚዙን አውልቆ የቁም ሣጥኑ መስታወት ፊት ቆሟል።

"ተስፋሚካኤል፣ ያን ቀን ስለካህ ተኝተህ ነበር።"

"እና?"

"አሁን ቆመሃል። ሆድህ ወደ ታች ወርዷል። ልኩ ሌላ ነው።"

"ቁጥር ቁጥር ነው።"

"ተኛና እኔ ላስምርልህ።"

"አንቺማ ሁለት ጣት ጨምረሽ!" አለና ሳቀ። ሳቁ ሳቅ አልነበረም።

በሌላ ቀን ቢሆን በዚህ አልለቀውም። እኔ ሰው የለካሁ ሴት ነኝ፤ ተቀምጣ ያስለካች ሴት ቀሚስ ስትቆም አጥሮባት እንደምትመለስ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ጥፋቱ የኔ ስለሆነ አፌን ያዝኩ። መስታወቱን አዘንብይ ሲለኝ አዘነበልኩ፣ መብራቱን አቅርቢ ሲለኝ አቀረብኩ። ሦስት መስቀል አሰመረ። የመስቀሎቹ ማማር! ማዕዘናቸው ቀጥ ያለ፣ ክንዳቸው እኩል። ከላያቸው ፕላስተር ለጠፍኩባቸው። "ከነሱ ይሻላል" አለ መስታወቱን እያየ። እኔም እንዲሻል ተመኘሁ።

ሰኞ ጠዋት ባቡር ላይ ውሃውን በመስመሩ ጠጣ። አራት ሰዓት ላይ ስሙ ተጠራና ገባ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ካለችው አግዳሚ ተቀመጥኩ።

ተቀምጬ ግን አልቻልኩም። በቀሚሴ ላይ አንድ ጣቴን እምብርቴ ላይ፣ ሌላውን ቀበቶዬ የሚያርፍበት ላይ አደረግኩና ስንት ጣት እንደሆነ ቆጠርኩ። አራት። ብድግ አልኩና እንደገና ቆጠርኩ። አምስት ተኩል። ተቀመጥኩ። አራት። ተነሣሁ። አምስት ተኩል። አጠገቤ ያሉት ሰዎች አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ያዩኛል፣ ይቺ ሴትዮ ለቀቀባት ብለው ይሆናል። አንድ ጣት ተኩል ማለት ስንት ሚሊ ነው? ሃያ? ሃያ አምስት? ፌኔት ትርፉ ሰባት ነው ብላለች። ከበሽታው ፊት ፊኛ አለ፣ ከኋላው አንጀት አለ። ጤነኛውን እየጠበሱ በሽታውን ሊተዉልኝ ነው፣ አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ! ብናገር ደግሞ ወረፋው ሊቃጠል ነው፣ ያውም ትንፍሽ አትበይ ብሎኛል። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ፌኔት ከጨረሩ ክፍል ወፍራም በር ወጣች። አስተኝታው፣ አስተካክላው መውጣቷ ነው። አሁን በሩን ትዘጋለች፣ ከላይ ቀዩ መብራት ይበራል፣ አለቀ።

"ፌኔት! ልጄ! ቁሚ!" አልኩ። ኮሪደሩ ሙሉ ዞሮ አየኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። እምነቱን፣ ፎጣውን፣ ማርከሩን፣ መስታወቱን። በአንድ ትንፋሽ ነው የነገርኳት፣ ምን ያህሉ እንደገባት አላውቅም። አልጮኸችብኝም። "እዚህ ይጠብቁኝ" ብላ ተመልሳ ገባች። ጨረሩን ከመስጠቷ በፊት በመሣሪያው ፎቶ አነሳችው። ፎቶውን በየቀኑ አያነሱም፣ ሰው ብዙ ስለሆነ ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው። ስትወጣ ፊቷ ገርጥቷል።

"አሥራ አራት ሚሊሜትር ወደ ታች ወርዷል እትዬ፣ ጨረሩን አልሰጠኋቸውም" አለችኝ። "አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ያን ያህል አልፈራም ነበር። በዚህ ብንቀጥል ግን ከበሽታው የተወሰነው ይቀርብን ነበር፣ አንጀታቸውም ይጎዳ ነበር። እኔ ደግሞ ዛሬ መስቀሎቹን ሳይ 'የትኛው ባልደረባዬ ነው እንዲህ አሳምሮ ያደሳቸው' ብዬ ሳደንቅ ነበር። እኛ እንዲህ ቀጥ አድርገን አናሰምርም።"

አይ ተስፋሚካኤል! ሊሞት ሲል እንኳ ሥራው ተደነቀለት።

"ወረፋውስ?" አልኳት እያለቀስኩ።

"የምን ወረፋ?"

የኮሪደሩን ወሬ ስነግራት ነው የተቆጣችው። "ማን ነው እንዲህ ያላችሁ? የጀመረ ሰው ወረፋው አይነካም! ለኛ ንገሩን ብዬ አልነበረም?" አለችኝ። ከዚያ ረጋ አለችና፣ ረቡዕ እንደገና ፎቶ ተነሥቶ ምልክቱ እንደሚሠራለት፣ ያመለጡት ቀናትም መጨረሻ ላይ እንደሚጨመሩ አስረዳችኝ። ልስማት ፈልጌ ጓንቷንና ልብሷን አይቼ ተውኩት።

እሱ ሸሚዙን እየቆለፈ ወጣ። ዓይኔን አላየኝም። በባቡር አላናገረኝም። ቤትም ገብቶ አላናገረኝም። አሳፈረችኝ ብሎ ነው፣ አልኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት "እጁ አይስትም" ሲባል የኖረ ሰው በገዛ ሚስቱ አደባባይ ላይ ተዋረደ። እኔም ታዲያ ተናደድኩ። ሕይወቱን አድኜ የምኮረፍ ማን ነኝ? ማክሰኞ ቁርስ ላይ ሆን ብዬ ዳቦውን በእጄ ቆርሼ አንዱን ትልቅ፣ አንዱን ትንሽ አድርጌ ፊቱ አኖርኩለት። ምንም ሳይል በላው። ያኔ ነው ደህና አለመሆኑ የገባኝ።

ረቡዕ ፌኔት አዲስ መስቀሎች ሠራችለት። ያን ዕለት ስለ ሚሊሜትር አንድም ጥያቄ አልጠየቃትም። "ጋሼ፣ እርስዎ ቢያሰምሩት ይሄኔ ያምር ነበር" ብላ ስትቀልድበት አንገቱን ደፋ። ያን ቀን ሕክምናውን አገኘ። ወደ ቤት ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ዕድል ቀንቶን ሁለት ወንበር አገኘንና ጎን ለጎን ተቀመጥን። ላንቻን አለፍን፣ አደይ አበባን አለፍን። እሱ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያያል።

"መሰሉ" አለኝ ሳይዞር።

"አቤት" አልኩ፣ ኩርፊያዬን ሳልለቅ።

"ሰኞ ዕለት አውቄው ነበር።"

"ምኑን?"

"መሳቱን።"

አልገባኝም። ዞር ብዬ አየሁት።

"ከምተኛበት አልጋ አጠገብ ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ ስክሪን አለ" አለኝ። "አልጋው የት ላይ እንደቆመ ይናገራል። እግሬን የማሳርፍበት ነገር በየቀኑ እዚያው ቦታው ላይ ነው የሚገጠመው። ስለዚህ ቁጥሩ ከሁለት ከሦስት ሚሊ በላይ ተለውጦ አያውቅም። አሥራ ስምንት ቀን አንብቤዋለሁ። ሰኞ ዕለት በአሥራ አራት ተለየ። እነሱ በቀን ስንት ሰው ነው የሚያስተኙት፣ እኔ ግን ያንን አንድ ቁጥር ነው የማነበው። አነበብኩት መሰሉ። ልጅቷ አስተካክላኝ ስትወጣ ጀርባዋን አያለሁ። 'ቆይ ልጄ' ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። አላልኩም።"

"ለምን?"

ሳሪስ ላይ ሰው ወረደ፣ ሰው ገባ።

"ሌላ ሰባት ወር ጠብቅ የሚሉኝ መሰለኝ። ፈራሁ" አለኝ። "የሰውን ሥራ በአንድ ሚሊ ስመልስ የኖርኩ ሰውዬ የገዛ ሆዴን በአሥራ አራት አሳለፍኩት።"

ሠላሳ ስምንት ዓመት አንድ ቃል ሲናገር ሁለት ስመልስለት ነው የኖርኩት፣ ያን ቀንም የምለው ሞልቶ ነበር። ግን ፈራሁ ብሎኝ አያውቅም። ፋብሪካው ሊዘጋ ነው ሲባል አላለም፣ ሐኪሙ ካንሰር ነው ሲለው አላለም፣ ሰባት ወር ስልክ ስንጠብቅ አላለም። ብቻውን ሲፈራ ከርሟል ማለት ነው፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ስቀልድበት። አንጀቴን በላው። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል እንባዬ ወረደ።

"እኔስ ፈርቼ አይደል የነገርኳት?" አልኩት።

ዞሮ አየኝ። ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። እጁን ሰጠኝ፣ ቃሊቲ እስክንደርስ አልለቀቅኩትም።